ተጨማሪ መረጃ፦ ካልሲየም፣ ልብና ኩላሊት
በ1883 እ.ኤ.አ. እንግሊዛዊው ሐኪም ሲድኒ ሪንገር አንድ አስደናቂ ነገር አሳወቀ፤ ከእንቁራሪት የወጣ ልብ በቧንቧ ውሃ በተበጠበጠ ጨው ውስጥ ይመታል፣ በተጣራ ውሃ በተበጠበጠው ውስጥ ግን ደክሞ ይቆማል። ልዩነቱ በቧንቧው ውሃ ውስጥ የነበረው ካልሲየም ነው።

በጤናማ አዋቂ አንድ ዴሲሊትር የደም ፈሳሽ (ሴረም) ውስጥ ከ8.5 እስከ 10.5 ሚሊግራም ያህል ካልሲየም ይገኛል። ኩላሊት ሲደክም ፎስፌት ይከማቻል፣ ቫይታሚን ዲ በሚገባ አይሠራም፣ ካልሲየም ይወርዳል፤ የፓራታይሮይድ ሆርሞን በዝቶም ከአጥንት ይስባል። እጥረቱ የልብ ምትን ሊያዛባ፣ ትርፉ በደም ሥር ግድግዳ ላይ ተጋግሮ ሊያደድረው ይችላል። በኩላሊት እጥበት ሕሙማን ላይ በተደረጉ ጥናቶች ከፍተኛውም ዝቅተኛውም መጠን ከሞት ዕድል መጨመር ጋር ተያይዞ ታይቷል። ካልሲየምን የሚሸከመው የደም ፕሮቲን፣ አልቡሚን፣ ሲያንስ ግን ነፃው ካልሲየም ሳይጎድል የምርመራው ቁጥር ሊወርድ ስለሚችል፣ ሁለቱን አብሮ ማየት የግድ ነው።