ቡና የሚቆላ መኪና በቤታችን

ባለቤታችን በአሶሳ ከተማ ከሃያ ዓመት በላይ ለጎረቤት ቡና ስታፈላ ኖራ፥ በ2016 ዓ.ም. ክረምት ሳሏ ስለ ጠናባት ሐኪም መርምሮ ከከሰልና ከምጣድ ጭስ እንድትርቅ አጥብቆ ነገራት። መድኃኒቱን መዋጥ ቀላል ነበረ፤ ምክሩን መፈጸም ግን ቤታችንን ጸጥ አሰኘው። የቡናው ሽታ ከቤታችን መውጣት ሲያቆም ጎረቤቶቻችንም በደጃችን እያለፉ መሄድ ጀመሩ፤ ተቀይመው አይደለም፥ የሚጠራቸው ስላጡ ነው እንጂ። እርሷም ከሳሉ ይልቅ ያዘነችው በዚህ ነበረ።

ከጥቂት ወራት በኋላ በአሜሪካ የሚኖር የእኅታችን ልጅ ይህን ሰምቶ፥ ቡና የሚቆላ የቤት መኪና፥ ማለት ዛሬ ማሽን የሚባለውን፥ በመንገደኛ እጅ ላከልን። ውድ አንባብያን ሆይ፥ በውጭ አገር ዘመድ ያለው ቤት ሁሉ አንድ ቀን እንዲህ ያለ ስጦታ ሊደርሰው ይችላልና፥ በእኛ ቤት ያየነውን ጥቅሙንም ችግሩንም ልንነግራችሁ ወደድን።

በመጀመሪያ ስሕተታችንን እንናዘዝ። መኪናው የተሠራው ለአሜሪካ ቤት፥ ለ120 ቮልት ነበረ፤ በአገራችን ግን የሚሠራው በ220 ቮልት ነው። እኛ ልጆችን ስለ ኤሌክትሪክ የምናስተምር ሰዎች ስንሆን፥ ከደስታ ብዛት በጀርባው የተለጠፈውን ጽሑፍ ሳናነብ ሰካነው። ቮልቱ ወደ እጥፍ ሲጠጋ በማሞቂያው ሽቦ ላይ የሚደርሰው ኃይል ከሦስት እጥፍ ይበልጣልና፥ አንዲት የቡና ፍሬ ሳይገባበት ሽቦው ተቃጠለ። ተማሪዎቻችን ይህን ቢያነቡ ሊስቁብን ይገባል። አንድ የከተማችን ባለሙያ ሽቦውን ለወጠልን፤ 2000 ዋት የሚችል ትራንስፎርመርም ገዝተን በመካከል አገባን። ነገር ግን ትራንስፎርመር ቮልቱን ነው እንጂ የሞገዱን ቁጥር አይለውጥም። በአሜሪካ 60፥ በእኛ አገር 50 ሄርዝ ስለ ሆነ፥ የአንዳንዱ መኪና ሞተር በስድስተኛ እጅ ያህል ዝግ ብሎ ይዞራል። የእኛውም እንደዚያ ሆነ፤ ስለዚህ በመምሪያው የተጻፈውን ደቂቃ ትተን በዓይንና በጆሮ መቁላት ግድ ሆነብን።

በሆዱ ውስጥ ወንፊት የመሰለ ከበሮ አለ፤ የጋለው ሽቦ ያሞቀዋል፥ ሞተሩ ያዞረዋል፥ ማማሰያ አያሻም። ሌላም ዓይነት አለ፤ እርሱ ትኩስ ነፋስ ከታች እየነፋ ፍሬውን በአየር የሚያንሳፍፍ ነው። ጥሬ ቡና ከመቶ እጅ 10 እስከ 12 የሚሆነው ውሃ ነውና አስቀድሞ ውሃው ይወጣል፤ ፍሬው ከአረንጓዴነት ወደ ብጫ ይለወጣል። ሙቀቱ 200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲደርስ በውስጡ የታመቀው እንፋሎት ፍሬውን እየሰነጠቀ እንደ ፈንዲሻ ያንጣጣዋል። ወደ 225 ሲጠጋ ሁለተኛ፥ ቀጠን ያለ ድምፅ ይሰማል፤ ዘይቱም በፍሬው ላይ ያብረቀርቃል። ከዚያ ካለፈ የሚቀረው ከሰል ነው። እናቶቻችን ይህን ሁሉ ያለ ሙቀት መለኪያ ለይተው ሲያውቁ መኖራቸውን ያስተዋልነው፥ እኛ በሁለት ሳምንት ውስጥ ሦስት ጊዜ ካሳረርን በኋላ ነው።

ደግሞ አንድ ኪሎ ጥሬ ቡና ተቆልቶ ሲወጣ ከ800 እስከ 850 ግራም ያህል ብቻ ይመዝናል። በምጣድም ቢሆን እንዲሁ ነው፤ ነገር ግን በምጣድ የሚመዝን ሰው አልነበረም። ሚዛን ገዝቶ ጎደለብኝ ሲል የቤት ሠራተኛውን የሚጠረጥር ሰው ካለ ይህን ይወቅ።

ወደ ዋናው ነገር እንመለስ። መኪናው ጭስን ፈጽሞ ያስቀራል ብሎ የሚነግራችሁ ቢኖር አትመኑት፤ ቡና በምንም ቢቆላ ይጨሳል። የሚቀረው የከሰሉ ክፋት ነው። ከሰል በተዘጋ ክፍል ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ቀለምም ሽታም የሌለው መርዝ ያወጣል፤ በቤታቸው ከሰል አንድደው ተኝተው በዚያው ያሸለቡ ሰዎች ወሬ ለማናችንም እንግዳ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደ ገመተው፥ በምግብ ማብሰያ እሳት ጭስ ምክንያት በፈረንጆች 2020 ዓመት 3.2 ሚሊዮን ሰው ሞቷል። ከሁሉ ይልቅ የሚጎዱትም በምድጃ አጠገብ የሚውሉት እናቶችና በጀርባቸው የታዘሉት ሕፃናት ናቸው። በመኪናው ጊዜ ግን ቆይዋ ፊቷን በምጣዱ ላይ ደፍታ አትቀመጥም። እኛም በረንዳ ላይ አኑረነዋል፤ ጀበናውንም በኤሌክትሪክ ምድጃ ላይ ጣድን። ከእያንዳንዱ ቆሎ በኋላ በውስጡ የተከማቸውን ስስ ገለባ መጥረግ ያስፈልጋል፤ ካልተጠረገ እሳት ይይዛል።

በማኅበራችን ያሉ አንድ አዛውንት፥ ከ1977ቱ ድርቅ በኋላ ከወሎ በሠፈራ የመጡ፥ ይህን አይተው «የአባቶችን ወግ በሽቦ ለወጣችሁት» ሲሉ ወቀሱን። ወቀሳቸውን በአክብሮት ተቀበልን፤ ነገር ግን ቡና ራሱ በክርስቲያኑ ቤት የቅርብ ጊዜ እንግዳ መሆኑን አስታወስናቸው። በ19ኛው መቶ ዓመት በፈረንጆች አቈጣጠር፥ በሰሜኑና በመካከለኛው አገር ብዙ ካህናት የሙስሊሞች መጠጥ ነው፥ ከባዕድ አምልኮም ጋር የተያያዘ ነው እያሉ ይከለክሉ ነበረ። ነገሩ እየላላ የሄደው ዳግማዊ ምኒልክ ራሳቸው በመጠጣታቸውና፥ በፈረንጆች 1881 ከግብፅ የመጡት አቡነ ማቴዎስ ጥላቻውን ለማስቀረት በመርዳታቸው ነው። ከቤት ውጭ በመኪና መቁላትም ቢሆን ለአገራችን አዲስ አይደለም፤ የአዲስ አበባው ቶሞካ ከፈረንጆች 1953 ጀምሮ በዚህ ሥራ ይታወቃል። ቤተ ክርስቲያን የምትነቅፈው ምጣዱን ወይም መኪናውን ሳይሆን፥ ቡናውን ለአድባርና ለዛር መገበሩን ነው። አዛውንቱም ጥቂት ዝም ብለው «እንግዲያውስ ይቀዳልኛ» አሉ።

ከዚህ የከበደው ወቀሳ ግን የመጣው ከጎረቤታችን፥ ከአንዲት የበርታ ተወላጅ እናት ነበረ። ከባለቤታችን ጋር ከጥንት ጀምሮ ስኒ ተካፋይ ናቸው። መኪናው እየዞረ ሳለ በረንዳው ላይ ተቀምጠው ቆዩና፥ «መምህር፥ ይህ ሣጥን ቡናውን ደበቀብን እኮ፤ ሽታው ለጎረቤት ካልደረሰ ማን ይመጣል?» አሉን። መልስ አልነበረንም። ባለቤታችን ግን በማግሥቱ መላውን አገኘች። ቡናው እንደ ተቆላ መኪናው ውስጥ እንዲበርድ ሳትተወው፥ እንደ ጋለ በሰፊ ብረት ትሪ ገልብጣ በረንዳ ለበረንዳ፥ በር ለበር ይዛው ዞረች። ከዚያ በኋላ ሽመል በሚሉት፥ አሶሳ በምትታወቅበት የቆላ ቀርከሃ በተሠራው ሰፌድ እያንገዋለለች አበረደችው። ሰፈሩም ተሰበሰበ።

በ2017 ዓ.ም. ዐቢይ ጾም የካቲት 17 ቀን ገባ፤ ረመዳንም በዚያው ሳምንት መጨረሻ ጀመረ። ስለዚህ የእኛም የእነርሱም ቡና ወደ ማታ ሆነ። ከነዚያ ምሽቶች በአንዱ ሰዎች ተሰብስበው ቴምሩና ቆሎው ቀርቦ ሳለ፥ ቡናው መንጣጣት በጀመረባት ቅጽበት መብራት ጠፋ። ከበሮው ሲቆም ሽቦው ግን እንደ ጋለ ይቆያልና፥ ከታች ያለው ፍሬ ወዲያው ማረር ጀመረ። በዚያን ጊዜ የመኪናውን በር በጨርቅ ይዘን ከፍተን ቡናውን ገለበጥነው፤ ጎረቤታችንም ከቤታቸው እሳት ያለበት ማንደጃና የብረት ምጣድ አስመጥተው፥ ባለቤታችንን «አንቺ ወዲያ ራቂ» ብለው ግቢው መካከል ራሳቸው ቆልተው ጨረሱት። በሁለት ዓይነት እሳት የተቆላ ቡና ያን ማታ ጠጣን። እውነቱን ለመናገር ጥቂት ጎምዝዟል።

ከዚያ ወዲህ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. 5150 ሜጋ ዋት ያመነጫል የተባለለት ታላቁ የሕዳሴ ግድብ በዚሁ በክልላችን፥ በመተከል ዞን በጉባ ተመርቋል። ኃይሉ ከደጃችን እየፈለቀ የሰፈር መስመር ሲቋረጥ መገረማችን ባይቀርም፥ ሽቦ ምሰሶ ይዞ የሚሄድ እንጂ ጎረቤት ነኝ ብሎ በአጥር የሚዘልል አይደለም። እስከዚያው የብረት ምጣዳችንን ከግድግዳው ላይ አላወረድነውም። ባለቤታችን ሳሏ ቀንሷል፤ ፈጽሞ ግን አልተዋትም። ትናንት ማታም ትሪውን ይዛ ስትወጣ ጎረቤታችን ከአጥሩ ማዶ ሆነው ስኒያቸውን አስቀድመው ይዘው ቆመው ነበረ።