ደቻቱ ከላይ ይጀምራል

ድሬዳዋን ለሁለት የሚከፍለው ደቻቱ በአብዛኛው ዓመት ወንዝ አይመስልም። ሰፊ አሸዋ ነው። ከከዚራ ሰፈር ወደ መጋላ የሚያቋርጥ እግረኛ ይረማመድበታል፣ አሸዋ ጫኝ መኪና ይቆምበታል፣ ልጆች ኳስ ይራገጡበታል። ውሃ የሚያልፍበት በዓመት ጥቂት ጊዜ፣ ያውም ለሰዓታት ብቻ ነው። የጎርፍ አደጋውን የሚያከብደውም ይኸው ነው። አዋሽ ዳር የሚኖር ሰው ውሃውን በየዕለቱ እያየ ይጠነቀቃል። ደረቅ ወንዝን ግን ማን ይፈራል?

ለሐምሌ 30 ቀን 1998 ዓ.ም. አጥቢያ፣ ሰው በተኛበት፣ ያ አሸዋ በውሃ ሞላ። ከ250 በላይ ሰዎች አለቁ፤ በሺዎች የሚቆጠሩት ቤታቸውን አጡ።

ድሬ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። በስተደቡብ ወደ ሐረር የሚያወጣው የደንገጎ ዳገት ደግሞ ከ2,000 ሜትር በላይ ያደርሳል፤ መንገዱን በመኪና የሄደበት ሰው ጆሮው ሲደፈን ያውቀዋል። ያንን ሁሉ ቁልቁለት ውሃው ሲወርደው የሚያዘገየው ሐይቅም ረግረግም የለም። የዚያ አገር ዝናብ አብዛኛውን ጊዜ ሲያካፋ የሚውል አይደለም፤ ባንድ ጊዜ የሚለቀቅ ዶፍ ነው። አፈሩ ከሚመጠው በላይ ሲሆን የተረፈው በየሸለቆው ይጠራቀማል፤ ሸለቆዎቹም ወደ አንዱ ደቻቱ ይገባሉ። ስለዚህ ከተማው ላይ ጠብታ ሳይወርድ ጎርፍ ሊደርስ ይችላል።

ይህ የተፈጥሮ ድርሻ ነው፤ ሰው ባይኖርም ይሆን ነበር። የሰው ድርሻ የሚጀምረው ከተራራው ላይ ነው። ዛፉ ለማገዶና ለከሰል ተቆርጧል፤ ገዢዋ ደግሞ በአብዛኛው ከታች ያለችው ከተማ ናት። ተዳፋቱ ለማሽላና ለጫት ታርሷል። የተራቆተ አፈር የዶፉ ጠብታ ሲደበድበው ፊቱ ይደፈናል፤ ውሃው መስረጉን ትቶ ይንሸራተታል። አፈሩም አብሮ ወርዶ ወንዙ ውስጥ ደለል ሆኖ ይተኛል። የወንዙ ወለል ከፍ ባለ ቁጥር የሚይዘው ውሃ ያንሳል፤ የቀረው ወደ ሰፈር ይወጣል።

ከተማዋም የድርሻዋን አድርጋለች። ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. ከደረሰ በኋላ ከዚራና መጋላ በወንዙ ግራና ቀኝ ተቆረቆሩ፤ ሕዝቡ ሲበዛ ቤቱ ወደ አሸዋው ተጠጋ። «ወንዝ ውስጥ ቤት ሠርተው» የሚለው ወቀሳ ሁልጊዜ ያናድደኛል። ድሃ ሰው ለገበያና ለሥራ ቅርብ የሆነ፣ አቅሙ የሚፈቅደው መሬት የሚያገኘው ሌላው በናቀው ቦታ ነው። ያ ቦታ ደግሞ ድሬ ላይ ወንዙ ዳር ነበር።

ከአደጋው በኋላ የጎርፍ መከላከያ ግንብ ተሠራ። ግንብ ይጠቅማል፤ አልክድም። ነገር ግን መተላለፊያውን ሲያጠብበው ውሃው ይፈጥናል፤ አንዱን ዳር ሲያድን ግንብ ያልደረሰበትን ሊያስመታ ይችላል፤ ከኋላው ያለው ሰውም ከእንግዲህ ምን ይመጣል ብሎ ቤቱን ያሰፋል። በ2012 ሚያዝያ ጎርፍ ድሬ ላይ እንደገና ሰው ገድሏል።

ታዲያ ለምን ሁልጊዜ ግንብ? መልሱ ካርታው ላይ ያለ ይመስለኛል። ድሬዳዋ ለፌዴራል መንግሥት ተጠሪ የሆነች ከተማ ናት፤ የተፋሰሱ የላይኛው ክፍል በከፊል ያለው ደግሞ በኦሮሚያ ክልል ምሥራቅ ሐረርጌ ነው። ድሬ የምታዝዘው ጎርፉ የሚደርስበትን እንጂ የሚነሣበትን ሁሉ አይደለም። ስለዚህ ገንዘቧን እጇ በሚደርስበት ላይ ታፈሳለች።

ጎርፍን ጨርሶ ማስቀረትም መልስ አይሆንም። የዚያው የ1998 ክረምት ሳይወጣ የኦሞ ወንዝ ሞልቶ በዳሰነች ከ300 በላይ ሰዎችን ገድሏል። ሆኖም የዳሰነች ገበሬ ማሽላውን የሚዘራው የኦሞ ሙላት ሲሸሽ በሚተወው እርጥብ አፈር ላይ ነበር። በኦሞ ላይ የተሠራው የጊቤ ሦስት ግድብ በ2007 ዓ.ም. ውሃ መያዝ ከጀመረ ወዲህ የዱሮው ሙላት ቀረ፤ እርሻውም ተጎዳ። ድሬም ብትሆን የምትጠጣው የጉድጓድ ውሃ ነው። በአሸዋው ውስጥ እየሰረገ ከርሰ ምድሩን ከሚሞላው ውሃ አንዱ ያው የምትፈራው ጎርፍ ነው። የሚያስፈልጋት ውሃው እንዲቀር ሳይሆን እንዲዘገይ ነው።

ውሃ የሚዘገየው ተዳፋቱ ላይ ነው። የሐረርጌ ገበሬ የድንጋይ እርከን ለመሥራት አስተማሪ አያሻውም፤ የቸገረው ሌላ ነው። እርከን ከጠባብ ማሳው ላይ መሬት ይወስድበታል፤ ድንጋይ ሲለቅም የሚውለው ቀንም ከጫቱ ሥራ ይቀነሳል። አፈሩ እንደሚተርፍለት ያውቃል፤ ከሞት የሚተርፈው ግን ቁልቁል የሚኖረው የድሬ ሰው ነው። ላልተከፈለው ጉልበት ገበሬውን መውቀስ አያዋጣም። ድሬ ለሲሚንቶ ከምትመድበው ከፊሉን ከወሰኗ ውጭ ላለው ገበሬ የሥራ ቀን መክፈያ ብታደርገው፣ ያ ብር ራሷን መጠበቂያ ነው። ለዚያ ደግሞ ከመሐንዲሱ በፊት የሁለት አስተዳደሮች ፊርማ ያስፈልጋል።