የኦቨንና የማይክሮዌቭ ቦታ ከካቢኔቱ በፊት ሲታሰብ

በአዲስ አበባ አዳዲስ አፓርታማዎችና በሚታደሱ የቆዩ ቤቶች ውስጥ ካቢኔት ውስጥ የሚገጠሙ ኦቨኖችና ማይክሮዌቮች እየተለመዱ መጥተዋል፤ ይሁንና ቦታቸው ብዙ ጊዜ የሚወሰነው ማጠቢያ ገንዳው፣ ስቶቩና ፍሪጁ ስፍራቸውን ይዘው ካቢኔቱም ተለክቶ ካለቀ በኋላ በተረፈው ማዕዘን ነው። ይህ ቅደም ተከተል የተገለበጠ ነው። የጋለ ብረትና የፈላ ፈሳሽ ከተዘጋ ሳጥን ውስጥ በእጅ ማውጣትን የሚጠይቁት እነዚህ ሁለት ዕቃዎች በመሆናቸው፣ የቦታቸው ምርጫ መነሻ ሊሆን የሚገባው የሚያበስለው ሰው ቁመትና ትኩሱ ትሪ የሚጓዝበት መንገድ ነው።

የማዕድ ቤት ንድፍ ባለሙያዎች ፍሪጁን፣ ማጠቢያ ገንዳውንና ስቶቩን የሚያገናኘውን ምናባዊ መስመር «የሥራ ሦስት ማዕዘን» ይሉታል፤ የሚያበስለው ሰው በሦስቱ መካከል ደጋግሞ ስለሚመላለስ መንገዱ አጭርና ያልተዘጋ መሆን አለበት። ኦቨን ግን ከዚህ መስመር ውጪ ቢሆን ጉዳት የለውም፤ ድፎ ዳቦም ሆነ ዶሮ አንዴ ከገባ በኋላ ለረጅም ጊዜ ብቻውን ይተዋልና። ማይክሮዌቭ በአንጻሩ ከፍሪጅ የወጣ ምግብ ለማሞቅ በቀን ብዙ ጊዜ የሚከፈትና ልጆችም የሚጠቀሙበት ዕቃ ስለሆነ፣ ለፍሪጁና ለመመገቢያው ቢቀርብ፣ ከስቶቩ ግን ቢርቅ ይመረጣል። ከዚህ እንደሚታየው ሁለቱን በአንድ ረጅም ካቢኔት ውስጥ መደራረብ ግዴታ አይደለም፤ የተለመደው ለዓይን ስለሚያምርና ለአናጺው ስለሚቀል ነው።

ከሁሉ የበለጠ ጥንቃቄ የሚሻው ከፍታው ነው። ኦቨኑ ከስቶቩ ሥር ሲገባ፣ የሥራ ጠረጴዛው ከወለሉ 90 ሴንቲሜትር ገደማ ብቻ ከፍ ስለሚል፣ የኦቨኑ መካከለኛ መደርደሪያ ከጉልበት ጥቂት ከፍ ብሎ ይቀራል፤ የሚያበስለው ሰውም አጎንብሶ፣ ክንዱን ዘርግቶ፣ ፊቱን ወደሚወጣው ትኩስ አየር አስጠግቶ ከባድ ትሪ ለማንሳት ይገደዳል። ወገብን የሚጎዳው የትሪው ክብደት ብቻ አይደለም፤ ክብደቱ ከሰውነት ርቆ መያዙ ጫናውን ያበዛዋል። ኦቨኑ በረጅም ካቢኔት ውስጥ ከፍ ብሎ ሲገጠም ይህ ሁሉ ይቀራል፣ ነገር ግን ከፍታው ከልክ ካለፈ ሌላ አደጋ ይመጣል፤ መደርደሪያው ከክርን በላይ ከሆነ ክንድ የጋለውን ጠርዝ ይነካል፣ ትሪውም ወደ ደረት ሲያዘነብል የጋለ ቅባት ሊያፈስ ይችላል። ስለዚህ አዘውትሮ የሚሠራበት መደርደሪያ ከክርን ጋር እኩል ወይም ጥቂት ዝቅ ያለ መሆን አለበት። ለማይክሮዌቭ ደግሞ የአሜሪካ ብሔራዊ የማዕድ ቤትና የመታጠቢያ ቤት ማኅበር መመሪያ እንደሚመክረው፣ የዕቃው ታችኛ ጠርዝ ከዋናው ተጠቃሚ ትከሻ 7.5 ሴንቲሜትር ያህል ዝቅ ማለት፣ ከወለሉም ከ137 ሴንቲሜትር በላይ አለመውጣት ይኖርበታል፤ ከትከሻ በላይ የሚወርድ ትኩስ ሾርባ የሚፈሰው ፊትና አንገት ላይ ነውና።

እነዚህ ሁለት ልኮች በአንድ ካቢኔት ሲደራረቡ ይጋጫሉ። ቁመቱ 160 ሴንቲሜትር የሆነ ሰው ክርኑ በግምት በ100፣ ትከሻው በ130 ሴንቲሜትር ከፍታ ላይ ይገኛል። 60 ሴንቲሜትር ቁመት ያለው ኦቨን ከወለሉ 70 ሴንቲሜትር ላይ ቢቀመጥ፣ መካከለኛው መደርደሪያ ወደ 95 ሴንቲሜትር ስለሚጠጋ ለክንድ እጅግ ተስማሚ ይሆናል፤ ነገር ግን ኦቨኑ የሚያበቃው 130 ላይ በመሆኑ፣ መሃል የሚገባው ጣውላ ሲታከልበት ማይክሮዌቩ ከ132 ይጀምርና ሊሆን ከሚገባው ከ122 ወይም 123 በላይ ይወጣል። ኦቨኑን ወደ 60 ሴንቲሜትር ዝቅ ማድረግ ማይክሮዌቩን ወደ ትክክለኛ ቦታው ይመልሰዋል፤ የኦቨኑ መደርደሪያም 85 ላይ ስለሚውል ከጠረጴዛ ሥር ካለው ጋር የማይወዳደር ምቾት ይኖረዋል። በአንድ ቤት ውስጥ ቁመታቸው የሚለያይ ሰዎች ሲያበስሉ በአጭሩ ሰው መለካት ተገቢ ነው፤ ረጅሙ ሰው እጁን ዝቅ ማድረግ ይችላል፣ አጭሩ ግን ክንዱን ማስረዘም አይችልም።

በአሜሪካ ብዙ ቤቶች፣ የኢትዮጵያውያን መኖሪያዎችን ጨምሮ፣ ማይክሮዌቩ ከስቶቩ በላይ ተሰቅሎ ይገኛል። ይህ አቀማመጥ የጠረጴዛ ቦታ ቢቆጥብም፣ ሳህኑን የሚያወጣው ሰው በሚነድ ምድጃና በሚፈላ ወጥ ላይ እጁን እንዲዘረጋ ስለሚያስገድድ፣ በተለይ ልጆች ባሉበት ቤት ሌላ አማራጭ እያለ የሚመረጥ አይደለም።

ቀጥሎ የሚታሰበው የትሪው ማሳረፊያ ነው። ከኦቨን የወጣ ትሪ ወዲያው የሚቀመጥበት፣ ስፋቱ ቢያንስ 38 ሴንቲሜትር የሆነና ሙቀት የሚችል ጠረጴዛ ከአጠገቡ ሊኖር ይገባል፤ ከአጠገቡ ካልተገኘ ከፊት ለፊቱ፣ ከ122 ሴንቲሜትር ባልራቀ ቦታ ሊሆን ይችላል፤ ይህም የኦቨኑ በር መተላለፊያ ላይ የማይከፈት ሲሆን ብቻ ነው። ወደታች የሚከፈት የኦቨን በር ከ45 እስከ 50 ሴንቲሜትር ወደ ፊት ይወጣል፤ ወርዱ 180 ሴንቲሜትር በሆነ ጠባብ ማዕድ ቤት ካቢኔቱ 60 ሴንቲሜትር ከወሰደና በሩ ከተከፈተ ለመቆሚያም ለመተላለፊያም የሚቀረው 70 ሴንቲሜትር ገደማ ብቻ ነው። አብዛኞቹ ማይክሮዌቮች ደግሞ በራቸው በግራ በኩል ተንጠልጥሎ ከቀኝ ስለሚከፈት ማሳረፊያቸው በቀኝ መሆን አለበት፤ በግራ ሲሆን የተከፈተው በር በሳህኑና በጠረጴዛው መካከል ይቆማል። ረጅሙ ካቢኔት ራሱ የጠረጴዛውን መስመር መሃል ላይ እንዳይቆርጠው ከጫፍ መቆሙ ይመረጣል።

ሙቀትም የራሱን ቦታ ይጠይቃል። ኦቨን በውስጡ ባለ ማራገቢያ አካሉን ስለሚያቀዘቅዝ፣ የካቢኔቱ ጀርባ ተከፍቶ አየር ከታች ገብቶ ወደ ላይ የሚወጣበት ክፍተት ካልተተወለት፣ ሙቀቱ የኤምዲኤፍ ጣውላውን ሽፋን ያላቀቀዋል። ጠረጴዛ ላይ እንዲቀመጥ የተሠራ ማይክሮዌቭ በጠባብ ሳጥን ውስጥ ሲወተፍ ደግሞ የአየር መውጫ ቀዳዳዎቹ ስለሚዘጉ ከመጠን በላይ ይግላል፤ ለካቢኔት የሚሆነው ከመጀመሪያውኑ ለዚያ የተሠራው ነው። ፍሪጅ ከኦቨን ጋር ጎን ለጎን ከሆነም ሙቀቱን ለማሸነፍ ኤሌክትሪክ ያባክናል።

የኤሌክትሪኩ ነገር ግድግዳው ከመለሰኑ በፊት ማለቅ አለበት። በኢትዮጵያ የቤት ኤሌክትሪክ 220 ቮልት ስለሆነ በ16 አምፔር ብሬከር የሚጠበቅ አንድ መስመር 3,520 ዋት ያህል ብቻ ይሸከማል፤ ኦቨን ብቻውን ከ2,000 እስከ 3,500 ዋት ሊወስድ ስለሚችል፣ ከኤሌክትሪክ ምጣድ ጋር በአንድ መስመር ከተገናኘ ሁለቱ በአንድነት ሲበሩ ብሬከሩ ይወርዳል። ስለዚህ ለምጣዱ፣ ለኦቨኑና ለማይክሮዌቩ የየራሳቸው መስመር፣ ከነመሬት ሽቦው፣ ከማከፋፈያው ሳጥን መሳብ ያስፈልጋል። ሶኬቱ ከኦቨኑ ጀርባ ከሆነ ዕቃው ሳይወጣ መንቀል ስለማይቻልና ሶኬቱም ቦታ ስለሚሻማ፣ በጎረቤት ካቢኔት ውስጥ እጅ በሚደርስበት ቦታ ማድረግ ይሻላል።

አናጺው ጣውላ ከመቁረጡ በፊት የዕቃው ሞዴል መመረጥና የመግጠሚያ ልኩ የሰፈረበት ወረቀት እጁ መግባት አለበት። የአውሮፓ ልክ የሆነው ኦቨን ፊቱ 60 ሴንቲሜትር ገደማ ቢሆንም የሚገባበት ክፍተት ወርዱ 56 ሴንቲሜትር፣ ጥልቀቱም ቢያንስ 55 ነው፤ ከአሜሪካ የሚላኩ ግን ወርዳቸው ብዙውን ጊዜ 76 ሴንቲሜትር ከመሆኑም በላይ የተሠሩት ለሌላ የኤሌክትሪክ ሥርዓት ነው። ልኩ ከታወቀ በኋላ የኦቨኑና የማይክሮዌቩ ታችኛ ጠርዝ የሚውልበት ከፍታ ባዶው ግድግዳ ላይ በጠመኔ ይሰመር፤ በዚያ ቤት አዘውትሮ የሚያበስለው ሰውም ባዶ ትሪ ይዞ በመስመሩ ከፍታ ወደ ራሱ እየሳበ፣ ወደ ማሳረፊያውም እየዞረ ይሞክረው፤ መስመሩ ካልተመቸው በዚያው ሰዓት ጠፍቶ እንደገና ሊሰመር ይችላል።