የበጋ ጉዞ ወደ ደሴት እንዴት ይታቀዳል?

የበጋው ወራት ሲገባ በእኛ በዕጩ መምህራን ዘንድ ደጋግሞ የሚነሣ ጥያቄ አለ። ይኸውም «ዘንድሮ የት እንሂድ?» የሚል ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ነገ ተማሪ ይዞ የሚወጣ መምህር ዛሬ ራሱ መውጣትን መማር አለበትና። ሆኖም ከ«የት?» በፊት «መቼ? በምን? ከነማን ጋር?» የሚሉት መልስ ማግኘት ይኖርባቸዋል። በዚህ ጽሑፍ ለማብራራት የምንሞክረው ወደ ደሴት የሚደረግ የበጋ ጉዞ እንዴት እንደሚታቀድ ነው።

ደሴት ሲባል የብዙዎቻችን ሐሳብ ቶሎ የሚበረው በሕንድ ውቅያኖስ ላይ ወዳሉት ወደ ሲሸልስና ወደ ማዳጋስካር ነው። አውሮፕላኑ ከቦሌ ይነሣል፤ የእኛ ኪስ ግን ከሰበታ አይነሣም። ደግነቱ ደሴት ለማየት ውቅያኖስ መሻገር አያስፈልግም። ዛሬ በሸገር ከተማ ሥር የተጠቃለሉት ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ የአዲስ አበባ በሮች ናቸው፤ ከሦስቱም በር የሚወጣው መንገድ ከአንድ ደሴት ያደርሳል። የሰበታው በወሊሶ፣ የቡራዩው በአምቦ በኩል ወደ ወንጪ ሐይቅ፤ የሱሉልታው ደግሞ ዓባይን ተሻግሮ ወደ ጣና።

1. በጋው የማን በጋ ነው?

በአገራችን የሜትሮሎጂ አከፋፈል መሠረት በጋ ከጥቅምት እስከ ጥር፣ በልግ ከየካቲት እስከ ግንቦት፣ ክረምት ከሰኔ እስከ መስከረም ነው። ምክንያቱ እንዲህ ነው። ምድር ዘንበል ብላ ፀሐይን ስለምትዞር፣ ፀሐይ በአናት ላይ የምትውልበት ሥፍራ በዓመቱ ውስጥ ወደ ሰሜንና ወደ ደቡብ ይመላለሳል። ሙቀቱ በበረታበት ሥፍራ አየር ወደ ላይ ይነሣል፤ እርጥብ ነፋስ ከየአቅጣጫው ወደዚያ ይሳባል፤ ዝናብም ይከተላል። ይህ የዝናብ መቀነት በእኛ ክረምት ወደ ሰሜን ወጥቶ እኛን ያጠጣል። በእኛ በጋ ደግሞ ከምድር ወገብ ወደ ደቡብ ይወርዳል፤ በእኛ ላይም ከሰሜን ምሥራቅ፣ ከዐረብ ምድር በኩል ደረቅ ነፋስ ይነፍሳል።

ስለዚህ ከምድር ወገብ በስተደቡብ ያሉት ሲሸልስና ማዳጋስካር በእኛ ታኅሣሥና ጥር ዋናው ዝናባቸው ላይ ናቸው። ማዳጋስካርንማ በእነዚያ ወራት ብርቱ የባሕር አውሎ ነፋስ ይመታታል። ደረቁ ወራታቸው የሚመጣው እኛ ጭቃ ስንረግጥ ነው። በአንፃሩ በ1970ዎቹ ዓ.ም. በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ልጆች የተማሩባት ኩባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን ስለሆነች፣ ደረቅ ወቅቷ ከኅዳር እስከ ሚያዝያ ነው፤ ከእኛ በጋ ጋር ይቀራረባል። እንግዲህ «በጋ ነውና እንሂድ» ማለት ብቻውን ዕቅድ አይሆንም። የዕቅድ መጀመሪያው የሚሄዱበትን አገር ሰማይ ማወቅ ነው።

2. ሦስቱ መንገዶች

ሀ) የሰበታ መንገድ። ከሰበታ በተፍኪና በቱሉ ቦሎ አድርጎ ወሊሶ ይገባል። ወሊሶ ከአዲስ አበባ ከ110 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። በመንገዱ ላይ ያለው የበቾ ሜዳ በክረምት ውሃ የሚተኛበት ጥቁር አፈር ነው፤ በበጋ ግን አፈሩ በያዘው እርጥበት ሽምብራና ጓያ ይበቅልበታል። ከወሊሶ ወደ ሰሜን ታጥፎ ዳገቱን ሲወጡ ወንጪ ይገኛል። ወንጪ የጥንት እሳተ ገሞራ አፍ ሲሆን ጠርዙ ከ3,000 ሜትር በላይ፣ የሐይቁ ገጽ ደግሞ 2,900 ሜትር ገደማ ከፍታ አለው። በሐይቁ ላይ ባለው ደሴት የወንጪ ቂርቆስ ገዳም አለ። ሥፍራው እ.ኤ.አ. በ2021 በተባበሩት መንግሥታት የቱሪዝም ድርጅት ከዓለም ምርጥ የቱሪዝም መንደሮች አንዱ ተብሎ ተመርጧል።

ለ) የቡራዩ መንገድ። በሆለታና በጊንጪ አልፎ አምቦ ይደርሳል፤ ከአምቦ ወደ ደቡብ ታጥፎ ያንኑ ወንጪን በሌላው ጎን ያገኘዋል። ስለዚህ በሰበታ ሄዶ በቡራዩ መመለስ ይቻላል። በአንድ የጉዞ ወጪ ሁለት አገር ይታያል ማለት ነው።

ሐ) የሱሉልታ መንገድ። በጫንጮ፣ በሙከ ጡሪና በጎሐ ጽዮን አድርጎ ወደ ዓባይ በረሃ ይወርዳል፤ በደጀንና በደብረ ማርቆስ በኩልም ባሕር ዳር ይገባል። ርቀቱ 500 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ መሄጃና መመለሻው ብቻ ሁለት ሙሉ ቀን ይበላል። ጣና ሰፊ ይሁን እንጂ ጥልቅ አይደለም፤ ጥልቅ በተባለው ሥፍራ 14 ሜትር ገደማ ነው። ደቅ፣ ዳጋ እስጢፋኖስ፣ ክብራን ገብርኤልና እንጦስ ኢየሱስ ከታወቁት ደሴቶቹ ውስጥ ናቸው። እዚህ ላይ አንድ ነገር አስቀድሞ መታወቅ አለበት። በዳጋ እስጢፋኖስና በክብራን ገብርኤል ገዳማት ሴቶች አይገቡም። ግማሹን የክፍል ልጅ ጀልባ ላይ አስቀምጦ ግማሹ የሚያይበት ጉዞ የትምህርት ጉዞ አይባልም። ሁሉም የሚገባባቸው ሥፍራዎች፣ ለምሳሌ በዘጌ ልሳነ ምድር ያለው ዑራ ኪዳነ ምሕረት፣ ሊመረጡ ይገባል።

የመንገዱም ሰላም አለ። በአማራ ክልል በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ውጊያ ከተነሣ ወዲህ የጎጃም መንገድ ሲዘጋና ሲከፈት ቆይቷል። የአምቦና የወሊሶ መንገድም ቢሆን ሳይጠይቁ የሚኬድበት አይደለም። የወረዳውን አስተዳደር በደብዳቤ፣ ትናንት ከዚያ የመጡትን ሾፌሮች ደግሞ መናኸሪያ ወርዶ በቃል መጠየቅ ግዴታ ነው። ከሁለቱ አንዱ «ቆዩ» ካለ መቆየት ነው፤ ደሴቱ እንደሆነ የትም አይሄድም።

3. ብርዱ፣ ነፋሱና ውሃው

መቶ ሜትር ወደ ላይ ሲወጡ ሙቀቱ በአማካይ በ0.6 ዲግሪ ገደማ ይቀንሳል። ጣና 1,800 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ነው፤ ከወንጪ ጋር ያለው ልዩነት 1,100 ሜትር ነው። ስለዚህ በአንድ ቀን፣ በአንድ ሰዓት፣ ወንጪ ከጣና በ6 ወይም በ7 ዲግሪ ያህል ይበርዳል። በበጋ ሌሊት ሰማዩ ጥርት ስለሚል መሬት ቀን የሰበሰበችውን ሙቀት የሚይዝላት ደመና የለም። የሱሉልታ ሜዳ በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ የሚያለብሰው በዚሁ ምክንያት ነው። «በጋ ነው» ብሎ በሸሚዝ ብቻ ወንጪ የሚያድር ሰው ጋቢ መበደሩ አይቀርም።

በሐይቅ ላይ ደግሞ በጋ የራሱ ጠባይ አለው። ቀን ላይ መሬት ከውሃ ፈጥኖ ይሞቃል፤ በመሬቱ ላይ ያለው አየር ወደ ላይ ሲነሣ የሐይቁ ቀዝቃዛ አየር በቦታው ለመተካት ይነፍሳል። ጧት እንደ መስተዋት የነበረው ጣና ከሰዓት በኋላ የሚናወጠው ስለዚህ ነው። በመሆኑም የጀልባ ጉዞ ጧት ተጀምሮ ከቀትር በፊት ማለቅ አለበት። የመንሳፈፊያ ጃኬት ከተሳፋሪው ቁጥር ካነሰ፣ ያነሰው ሰው ይቀራል እንጂ ጀልባው ከልክ በላይ አይጫንም። በጣና ዳርቻ የብልሃርዝያ በሽታ ስላለ ዋና የተከለከለ ይሁን፤ የወንጪ ውሃም ቀዝቃዛና ጥልቅ ነው። ባሕር ዳር ወባ ያለበት አገር በመሆኑ፣ በተለይ ከክረምት ማግሥት ባሉት ወራት፣ አጎበር ያስፈልጋል።

4. ገንዘቡና ሰዉ

የጉዞ ወጪ ሁለት ዓይነት ነው። ምግብና የጀልባ ዋጋ በሰው ቁጥር ይጨምራል፤ የመኪና ኪራይ ግን ሰው ቢበዛም ቢያንስም ያው ነው። ለሒሳቡ ያህል ኪራዩ 18,000 ብር ነው እንበል። 45 ሰው ቢከፍለው ለአንዱ 400 ብር ይደርሰዋል። ዘጠኝ ሰው በመጨረሻው ቀን ቢቀር የቀሩት 36 ሰዎች እያንዳንዳቸው 500 ብር ይከፍላሉ። «እኔ ብቀር ማንን እጎዳለሁ?» የሚል ጓደኛ ካለ መልሱ ይኸው ነው። መፍትሔው መኪና ከመዋዋል በፊት ግማሹን ክፍያ ሰብስቦ ስም መመዝገብ ነው። መክፈል ያቃተው ካለ ለገንዘብ ያዡ ብቻ ይንገር፤ ስሙ በሰሌዳ ላይ አይለጠፍ። በድህነቱ ያፈረ ልጅ ከጉዞው ብቻ ሳይሆን ከክፍሉም ይርቃል።

ሰበታ ማየት የተሳናቸው ልጆች ትምህርት ቤት ለረጅም ዘመን የኖረባት ከተማ ናት። ስለዚህ «አያይም፣ ምን ያደርጋል?» የሚል ቃል ከእኛ አፍ ሊወጣ አይገባም። ከወንጪ ጠርዝ ወደ ሐይቁ የሚወርደው ቁልቁለት ብርቱ ስለሆነ ለማየትም ሆነ ለመራመድ ለሚቸገር ጓደኛ ማን እንደሚያግዘው፣ ፈረስ ወይም መኪና እንደሚያስፈልገው አስቀድሞ ይወሰን። ጾመኛው የሚበላውም እንደዚሁ ይታሰብ፤ የነቢያት ጾም ከኅዳር አጋማሽ እስከ ገና በበጋው መካከል ነው። በጥምቀት ሰሞን ደግሞ መኪናውም ማደሪያውም ይጣበባል።

5. ጉዞው ትምህርት እንዲሆን

ሳይጠየቅ የሄደ ሳያይ ይመለሳል። ስለዚህ እያንዳንዱ ቡድን ከመነሣቱ በፊት የራሱን ጥያቄ ይያዝ። የጂኦግራፊው ቡድን በየከተማው ሙቀት ለክቶ የ0.6 ዲግሪውን ሒሳብ ይፈትን። የሳይንሱ ቡድን ነፋሱ ስንት ሰዓት ላይ አቅጣጫ እንደለወጠ ይመዝግብ። የሒሳቡ ቡድን ወጪውን ይዝጋ። የቋንቋው ቡድን ከቀዛፊዎችና ከባለፈረሶች አንደበት የሥራቸውን ቃላት በአማርኛም በኦሮምኛም ይሰብስብ። ከተመለሱ በኋላ ሁሉም ያየውን ለአራተኛ ክፍል እንደሚያስተምር አድርጎ የአንድ ክፍለ ጊዜ ዕቅድ ያውጣበት።

ከላይ ከተዘረዘረው በመነሣት የእኛ ሐሳብ የሚከተለው ነው። ጣናን ለጊዜው በካርታ እናጥና፤ የሰላሙ ጊዜ ሲመጣ እንሄድበታለን። ለዘንድሮው ግን መንገዱ ደህና ነው ከተባለ፣ የመጀመሪያው መንፈቀ ዓመት ፈተና እንዳለቀ፣ የበልጉ ዝናብ ሳይቀድመን፣ በሰበታ ወጥተን በቡራዩ የምንመለስበት የወንጪ ጉዞ ለአቅማችንም ለትምህርታችንም የሚስማማ ነው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታልና ትጥቁ ከአሁኑ ይጀመር። የተለየ ሐሳብ ያላችሁ መምህራንና ዕጩ መምህራን ጽፋችሁ ከዚሁ ሰሌዳ ላይ ከጽሑፋችን ጎን እንድትለጥፉልን እንጠይቃለን።