«የማይዝግ» የተባለ ቢላዋ ሁሉ ይቆርጣልን?

በልደታ ሠፈር ቢላዋ የሚሸጥ ባለሱቅ ሁለት ዓይነት ገዢ ያጋጥመዋል። አንደኛው አንጸባራቂነቱን አይቶ ይገዛል፤ ባለልኳንዳው ግን የሚፈርደው ሥጋ ከቆረጠበት በኋላ ነው። ስለቱ በአንድ ጧት የዶለዶመበት እንደ ሆነ ቢላዋውን ይዞ ይመለሳል፤ ነገሩ በፋሲካ ዋዜማ የደረሰ እንደ ሆነማ ከገንዘቡ ጋር ደንበኝነቱንም ይወስዳል።

የዚህ ጉዳት መነሻ ብዙ ጊዜ የቃል አለመረዳት ነው። «የማይዝግ» የሚለው ጽሑፍ ስለ ዝገት ይናገራል እንጂ ስለ ስለት የሚናገረው አንዳች ነገር የለም። ዝገትን የሚከላከለው ክሮሚየም ሲሆን፣ በብረቱ ውስጥ ከመቶ 10.5 እጅና ከዚያ በላይ ሲገኝ ለዓይን የማይታይ ስስ ሽፋን ፈጥሮ ይጠብቀዋል። ጥንካሬን የሚሰጠው ግን ካርቦን ነው፤ እርሱም ብረቱ በእሳት ግሎ በፍጥነት ካልቀዘቀዘ ሥራውን አይሠራም። በእንግሊዝ አገር በሼፊልድ ከተማ ሃሪ ብሪርሊ በ1905 ዓ.ም. (በአውሮፓ አቆጣጠር 1913) ያቀለጠው ዝነኛ ብረት ከመቶ 12.8 ክሮሚየምና 0.24 ካርቦን ነበረው፤ ቢላዋ ሠሪዎቹ ግን በመጀመሪያ የማይቆርጥ ቢላዋ አመጣ እያሉ ተሳልቀውበታል።

304 የሚባለው፣ 18/8 ተብሎም የሚታተመው ብረት ለማንኪያ፣ ለሹካና ለድስት እጅግ መልካም ነው፤ በእሳት ስለማይጠነክር ግን ለስለት አይሆንም። ስለዚህ ቢላዋውን «18/8 ነው» እያለ የሚያወድስ ነጋዴ ሳያውቅ ዕቃውን ይነቅፋል። 420 የሚባለው ዋጋው ረከስ ያለ፣ በቶሎ የሚሳል፣ በቶሎም የሚዶለዱም ነው። በጀርመን ቁጥር 1.4116 የሚባለው ከመቶ ግማሽ ያህል ካርቦንና እስከ 15 የሚደርስ ክሮሚየም ስላለው ለልኳንዳም ለወጥ ቤትም ይስማማል። 440 ሲ ካርቦኑ ከመቶ 1 ያህል በመሆኑ ስለቱን ረዥም ጊዜ ይይዛል፤ ነገር ግን ለመሳል ያስቸግራል፣ አጥንትም ሲያገኝ ጠርዙ ሊሸረፍ ይችላል። ቢላዋውን በየጊዜው እያፋጨ ለሚሠራ ባለልኳንዳ ውድ የሆነው ሁሉ የተሻለ አይደለም።

አሮጌ ብረት መልሶ ለሥራ በሚውልበት በመርካቶ ምናለሽ ተራ ያለውንም ሙያ መናቅ አይገባም። ከመኪና ባሌስትራ በአግባቡ የተቀጠቀጠ ቢላዋ፣ ብረቱ ከመቶ 0.6 ያህል ካርቦን ስላለው፣ ይዝጋል እንጂ ስለቱ ብዙ የሚያንጸባርቁ ቢላዋዎችን ያስንቃል።

በሱቅ ውስጥ ለመፈተን ማግኔት ይረዳል። ማግኔት ያልሳበው ስለት ከ304 ዓይነት ነው ተብሎ ይጠረጠር። የሳበው ሁሉ ግን መልካም አይደለም፤ 430 የሚባለው ይሳባል፣ ሆኖም አይጠነክርም። ከዚህ በኋላ ጠርዙን በሞረድ መንካት ነው፤ ሞረዱ ያለ ትግል ከበላው ብረቱ ለስላሳ ነው። ለዝገት ደግሞ ጠባዩ ከታወቀ ሌላ ቢላዋ ጋር ሎሚና ጨው ቀብቶ አሳድሮ ማስተያየት ይቻላል።

አስመጪው ግን ይህን ሁሉ ዕቃው ጉምሩክ ከደረሰ በኋላ ቢያደርገው ዘግይቷል። በፕሮፎርማው ላይ የብረቱ ቁጥርና በሮክዌል የተለካው ጥንካሬ እንዲጻፍ ያስፈልጋል፤ ለ1.4116 ከ55 እስከ 57 የተለመደ ነው። በባንክ ሌተር ኦፍ ክሬዲት ሳይከፈት ናሙና አስመጥቶ ለአንድ ባለልኳንዳ ለሳምንት ማሠራት የሚያስወጣው የአንድ ቢላዋ ዋጋ ብቻ ነው። ናሙናው ተጠብቆ ይቆይ፤ ጭነቱ ሲገባ ከየካርቶኑ አንዳንድ ቢላዋ ወጥቶ ከእርሱ ጋር ይመሳከራልና።