ካይት ሰርፊንግ ልትጀምሩ ነው? መጀመሪያ መልቀቅን ተማሩ



ሰሞኑን ከዱባይ በውስጥ መስመር አንድ መልእክት ደረሰኝ። «ዶክተር፣ ጓደኛዬ ካይት ሰርፊንግ በነፃ ላስተምርህ ብሎኛል። እሁድ ከሰዓት ካይት ቢች ልንገናኝ ነው። ዋና እችላለሁ፣ ሌላ የሚያስፈልገኝ ነገር አለ?» ይላል። ለልጁ ለብቻው መልሼለታለሁ። ጥያቄው ግን የእሱ ብቻ ስላልመሰለኝ እዚህም ላወራችሁ ፈለግኩ። ከናንተ ውስጥ በባሕረ ሰላጤው አገሮችና በእስራኤል የምትኖሩ ብዙ ናችሁ። ስፖርቱን ባትሞክሩትም፣ የአሠሪዎቻችሁን ልጆች ይዛችሁ ባሕር ዳርቻ የምትውሉ እህቶች እንዳላችሁ አውቃለሁ። ጽሑፉ እናንተንም ይመለከታል።

ለማታውቁት በአጭሩ ላስረዳ። ካይቱ በቪዲዮ ሲታይ መጫወቻ ይመስላል። ግን ብዙ ጊዜ ከ7 እስከ 12 ካሬ ሜትር የሚሰፋ፣ በአየር የሚነፋ የጨርቅ ክንፍ ነው፤ የአንድ መኝታ ክፍል ወለል ያህል ማለት ነው። ከ20 እስከ 24 ሜትር በሚረዝሙ ቀጫጭን ገመዶች አማካይነት፣ ወገብ ላይ ከሚታሰር ሀርነስ ከሚባል ሰፊ ቀበቶ ጋር ይያያዛል። እጃችሁ ካይቱን የምትመሩበትን ባር ይይዛል፣ እግራችሁ ቦርድ ላይ ይቆማል፣ ነፋሱ ይጎትታችኋል። እ.ኤ.አ. በ2024 የፓሪስ ኦሊምፒክ ለመጀመሪያ ጊዜ የሜዳልያ ውድድር ሆኖ ማርሴይ ላይ ተካሂዷል። ደስ የሚል ስፖርት ነው፤ አትሞክሩት ልላችሁ አይደለም።

ሰው ስለዚህ ስፖርት ሲያስብ የሚፈራው መስመጥን ነው። መስመጥ አለ፣ እመጣበታለሁ። ነገር ግን አጥንት የሚሰብረውና ጭንቅላት የሚመታው ውሃው አይደለም፤ ጠጣሩ ነገር ነው። አሸዋው፣ ድንጋዩ፣ አጥሩ፣ የቆመው መኪና፣ የሌላው ሰው ቦርድ። ጀማሪ ደግሞ ብዙውን ሰዓት የሚያሳልፈው እዚያው ዳርቻው አጠገብ ነው፣ ካይቱን ሲያነሳና ሲያወርድ።

ስለ ነፋስ አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። የነፋሱ ፍጥነት በእጥፍ ሲጨምር የሚጎትታችሁ ኃይል በ4 እጥፍ ነው የሚያድገው። በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር በሚነፍስ ነፋስ በደንብ የያዛችሁት ካይት፣ ነፋሱ 40 ሲገባ አራት ሰው ሆኖ እንደሚጎትታችሁ ቁጠሩት። እ.ኤ.አ. በ2008 ፍሎሪዳ፣ ፎርት ላውደርዴል ላይ በማዕበል ሰሞን ካይት ይዞ የወጣን ሰው ነፋሱ አንስቶ አሸዋው ላይ ካፈረጠው በኋላ፣ መንገድ አሻግሮ ከሕንፃ ጋር አላትሞታል። በቴሌቪዥን ካሜራ የተቀረጸ ነው። ሰውየው በሕይወት ተርፏል። ደመናው እየጠቆረ ከሆነ ወይም ነፋሱ መጣ ሄደ የሚል ከሆነ ጀማሪ የዚያን ቀን ካይቱን ከሻንጣው አያውጣ።

አሁን ወደ ዋናው ነገሬ ልምጣ። እ.ኤ.አ. በ2004 በአሜሪካ የስፖርት ሕክምና መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት አለ። ተመራማሪዎቹ 235 ካይት ሰርፈሮችን ተከታትለው በ1000 ሰዓት ልምምድ 7 ያህል ጉዳት አገኙ። በብዛት የሚጎዳው እግርና ቁርጭምጭሚት ሲሆን የጭንቅላት ጉዳትም ቀላል ቁጥር አልነበረውም። እኔን ያስደነገጠኝ ግን ሌላ ቁጥር ነው። ከጉዳቶቹ 56 በመቶው የደረሱት ሰዎቹ ካይቱን መቆጣጠር ሲያቅታቸው ከሀርነሳቸው ማላቀቅ ስላልቻሉ ነው። ከግማሽ በላይ! ችግሩ አለመቻላቸው ብቻ ሳይሆን አለመልቀቃቸውም ነው ማለት ነው።

ለምን አይለቁም? የሰው አካል እንዲህ ነው የተሠራው። ስንደነግጥ፣ ስንወድቅ፣ ሲጎትቱን እጃችን የያዘውን ነገር አጥብቆ ወደ ደረት ይስባል። ሕፃን ልጅ ላይ የምታዩት ነው። ካይት ላይ ግን ባሩን ወደ ራሳችሁ በሳባችሁ ቁጥር ካይቱ የበለጠ ነፋስ ይይዛል፣ የበለጠ ይጎትታችኋል። ስለዚህ ስትፈሩ የበለጠ ትይዛላችሁ፣ ስትይዙ የበለጠ ትበራላችሁ። መውጫው ከተፈጥሯችሁ ተቃራኒ ነው፤ ባሩን መልቀቅ። ካልበቃ ደግሞ ሀርነሱ ፊት ለፊት ያለውን፣ ብዙ ጊዜ ቀይ ቀለም የሚቀባውን ፈጣን መልቀቂያ መግፋት። እሱም ካልበቃ ካይቱን ጭራሽ ከናንተ የሚያላቅቀውን ሁለተኛውን መልቀቂያ መሳብ። ዕቃው ይሂድ፣ ይቀደድ፣ ግዴለም።

ይህ በወሬ አይገባም፣ እጅ ነው መልመድ ያለበት። ውሃ ከመግባታችሁ በፊት፣ ካይቱ ሳይያያዝ፣ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ በቀኝም በግራም እጅ ደጋግማችሁ ልቀቁት፤ ሃያ ጊዜ ብታደርጉት አይበዛም። ያገለገለ ዕቃ ኦንላይን ለምትገዙ ደግሞ፣ ለእነዚህ መልቀቂያዎች ዓለም አቀፍ የደኅንነት መለኪያ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2020 ነው። ርካሽ ያገኛችሁት የድሮ ባር አሸዋ ገብቶበት፣ ጨው በልቶት አልላቀቅ ሊል ይችላል። ከመክፈላችሁ በፊት ገፍታችሁ ሞክሩት።

ስለ መጨናነቁ ላንሳ፤ ሰው የማያስተውለው እሱን ነው። ሁለት ሰዎች አሸዋ ላይ 30 ሜትር ተራርቀው ሲቆሙ ለዓይን ሰፊ ቦታ ነው። ግን የእያንዳንዳቸው ገመድ ከ20 ሜትር በላይ ነው። ሁለቱም ካይታቸውን ወደ ጎን ቢያዘነብሉ ገመዶቹ ይገናኛሉ። የተጠላለፉ ካይቶች ደግሞ ዝም ብለው አይወድቁም፤ ይሽከረከራሉ፣ በተሽከረከሩ ቁጥር ባለቤቱ ሊያስቆመው በማይችለው ኃይል ይጎትታሉ። ጀርመናዊቷ ተወዳዳሪ ሲልከ ጎርልት እ.ኤ.አ. በ2002 በአገሯ ፌማርን ደሴት ላይ ሕይወቷ ያለፈው ካይቷ ከሌላ ሰው ካይት ጋር ተጠላልፎ ነው። ጀማሪ አልነበረችም፤ የታወቀች ባለሙያ ነበረች።

ጀማሪ ላይ ሲሆን ደግሞ ይብሳል። ምክንያቱም ጀማሪ ዓይኑ ሰማይ ላይ ነው። መኪና መንዳት የጀመራችሁ ሰሞን ማርሽ እያያችሁ ፊት ለፊት ያለውን ሰው የረሳችሁበትን አስታውሱ። አእምሮ አዲስ ነገር ሲማር ለሌላ ነገር ትርፍ ቦታ የለውም። ልምድ ያላቸው ሰዎች ደግሞ የራሳቸው የመንገድ ሕግ አላቸው፤ ከዳርቻ ወደ ውሃ ለሚወጣው ሰው ከውሃ የሚመለሰው ቅድሚያ ይሰጣል፣ ሁለት ሰዎች ሲተላለፉ ነፋሱ በሚመጣበት በኩል ያለው ካይቱን ከፍ፣ ሌላው ዝቅ ያደርጋል። ይህንን ሳያውቁ ቅዳሜና እሁድ ሠላሳ ካይት መሀል መግባት፣ የመንጃ ፈቃድ ሳይኖር በሥራ መውጫ ሰዓት መገናኛ አደባባይ ላይ መኪና መለማመድ ነው።

አንድ ክፉ አጋጣሚም አለ። እንደ ዱባይ ባለ ሞቃት ዳርቻ፣ ፀሐይ መሬቱን ካጋለችው በኋላ ከባሕሩ ወደ መሬት የሚነፍሰው ነፋስ ከሰዓት ላይ ይበረታል። ቤተሰብ፣ ልጅ፣ ኳስ ተጫዋች ሁሉ ዳርቻው ላይ የሚሰበሰበውም ያኔ ነው። ነፋሱና ሕዝቡ አንድ ሰዓት ላይ ይገናኛሉ። ነፋሱ ወደ ከተማው እየነፈሰ ስለሆነ፣ ያመለጠ ካይት የሚሄደውም ወደተቀመጠው ሰው ነው።

ስለዚህ እህቶቼ፣ ልጅ ይዛችሁ ከሄዳችሁ፣ ነፋሱ ካይቱን ወደሚወስድበት በኩል ፎጣ አታንጥፉ። አሸዋ ላይ የተዘረጋ ገመድ ስታዩ አትሻገሩት፣ ልጁም እንዲዘለው አትፍቀዱለት። ያ ተኝቶ የምታዩት ክር በድንገት ሲወጠር ጣት ይቆርጣል። አንድ ሰው አሸዋ ላይ እየተጎተተ ከሆነም ገመዱን በእጃችሁ አትያዙ። «ልቀቀው! ልቀቀው!» ብላችሁ ጩኹ፤ የደነገጠ ሰው አንዳንዴ የሚያስፈልገው ያ ድምፅ ነው።

የነፋሱ አቅጣጫ ሌላው ትልቅ ጉዳይ ነው። ለጀማሪ የሚሻለው ከዳርቻው ጋር ጎን ለጎን የሚነፍስ፣ ትንሽ ወደ መሬት የሚያዘነብል ነፋስ ነው። ከመሬት ወደ ባሕር የሚነፍሰው አታላይ ነው፤ ዳርቻው ላይ ውሃው ጸጥ ብሎ መስታወት ይመስላል፣ ከገባችሁ በኋላ ግን ወደ ጥልቁ ነው የሚወስዳችሁ። እስራኤል ያላችሁ፣ ኢላት ላይ በአብዛኛው የሚነፍሰው የሰሜን ነፋስ ነው። በሰሜኑ ዳርቻ ከቆማችሁ ይህ ነፋስ ከጀርባችሁ ወደ ባሕር ነው የሚሄደው።

«ጓደኛዬ ያስተምረኛል» የሚለውን በተመለከተ ሐሳቤ ግልጽ ነው። ጓደኛችሁ ጎበዝ ካይት ሰርፈር ሊሆን ይችላል፣ መምህር ግን አይደለም። ጎበዝ ሰው ለራሱ ክብደትና ችሎታ የሚሆን ትልቅ ካይት ይዞ መጥቶ እናንተን ያስይዛችኋል። ፈቃድ ያለው መምህር በትንሽ ካይት፣ ወገብ በሚደርስ ውሃ፣ ነፋሱ በሚወስዳችሁ በኩል ቢያንስ 50 ሜትር ባዶ ቦታ ትቶ ነው የሚያስጀምራችሁ። ግብፅ ውስጥ እንደ ኤል ጉና ያሉ የቀይ ባሕር ዳርቻዎች ለጀማሪ የሚመረጡት ውሃቸው ሰፊና ጥልቀት የሌለው በመሆኑ ነው። መምህሩን ስትመርጡ በአንድ ጊዜ ስንት ሰው እንደሚያስተምርና የማዳኛ ጀልባ እንዳለው ጠይቁ። ሄልሜትና ላይፍ ጃኬት ከሌለው ተመለሱ። የትምህርቱ ክፍያ ውድ መሆኑን አውቃለሁ፤ የተሰበረ ጭን ማስጠገኛ ግን ከዚያ በብዙ ይበልጣል። ዋና የማትችሉ ደግሞ መጀመሪያ ዋና ተማሩ፤ ላይፍ ጃኬት ዋናን አይተካም።

የሚጥል በሽታ ያለባችሁ፣ ደም ማቅጠኛ የምትወስዱ፣ ነፍሰ ጡር የሆናችሁ፣ በቅርቡ ጭንቅላታችሁን የተመታችሁ፣ ይህ ስፖርት አሁን ለእናንተ አይደለም። ጠጥቶ ወይም ጫት ላይ አድሮ መግባት የሚለውን ጭራሽ አላወራበትም።

አደጋ ቢደርስስ? ጭንቅላቱን ተመትቶ ራሱን ስቶ የነቃ፣ የሚያስመልሰው፣ ግራ የገባው ወይም ራስ ምታቱ እየባሰበት የሚሄድ ሰው «ደህና ነኝ» ቢልም ሆስፒታል ይሄዳል። አንገቱን ወይም ጀርባውን አመመኝ ካለ አታስቀምጡት፣ እንደተኛ ይጠብቅ። አምቡላንስ ኤሚሬትስ ላይ 998፣ እስራኤል ላይ 101 ነው።

ከውሃ ያወጣችሁት ሰው ካልነቃና በትክክል የማይተነፍስ ከሆነ ደግሞ፣ እባካችሁ፣ ሆዱን አትጫኑ፣ በእግሩ ዘቅዝቃችሁ አትያዙ። እኛ ዘንድ የተለመደ ነው፣ ግን ከሆዱ የሚወጣው ውሃ ወደ ሳንባው ይመለስበታል፣ የምታጡትም ደቂቃ ነው። የሰመጠ ሰው ልቡ የሚቆመው ኦክስጅን ስላጣ ነው፤ ስለዚህ መጀመሪያ የሚያስፈልገው አየር ነው። አንድ ሰው አምቡላንስ ይጥራ። እናንተ አገጩን ቀና አድርጉ፣ አፍንጫውን ያዙ፣ አፋችሁን በአፉ ገጥማችሁ 5 ጊዜ ተንፍሱለት። ከዚያ ደረቱ መሀል ላይ 30 ጊዜ ተጫኑ፣ 2 ጊዜ ተንፍሱለት፣ እንዲህ እያፈራረቃችሁ ቀጥሉ። የምትጫኑት ከ5 እስከ 6 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት፣ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 በሆነ ፍጥነት ነው። ነቅቶ «አሁን ደህና ነኝ፣ ቤቴ ልሂድ» ቢላችሁም አትስሙት። ሳንባ ውስጥ የገባ ውሃ ከሰዓታት በኋላ ትንፋሽ ሊያሳጥር ስለሚችል፣ ራሱን ስቶ የነበረ ወይም ሳሉ ያላቆመለት ሰው ሆስፒታል ገብቶ ይታያል።