ከእንቅልፉ የነቃ ማሽንና እንቢ ያለ ማውዝ



አሮጌ የሒሳብ ፕሮግራም በአዲስ ኮምፒዩተር ላይ አልሠራም ሲል፥ ዐዋቂዎች ከሚያገኙለት መላ አንዱ በኮምፒዩተሩ ውስጥ ሌላ ኮምፒዩተር መክፈት ነው። ይህ የውስጡ ኮምፒዩተር ቨርቹዋል ማሽን ይባላል። የራሱ አካል የሌለው እንግዳ ስለ ሆነ፥ ማውዙንም ኪቦርዱንም የሚዋሰው ከአስተናጋጁ ኮምፒዩተር ነው።

እስቲ በቅኔ ትምህርት ስሟ በሚጠራው በደብረ ኤልያስ፥ አንድ የሒሳብ ሠራተኛ የደመወዝ መዝገብ በዚህ ማሽን ሲያዘጋጅ ዓርብ ማታ መብራት ጠፋበት እንበል። የላፕቶፑ ባትሪ ሳያልቅ ማሽኑን ከነሥራው «የተቀመጠ ሁኔታ» በሚባለው መንገድ ያስተኛዋል። ሰኞ ጧት ሲቀሰቅሰው ሰንጠረዡ እንደ ተወው ይጠብቀዋል፤ የማውዙ ቀስት ግን ንቅንቅ አይልም። የተበሳጨ እጅ ወዲያው የሚሮጠው ወደ ማጥፊያው ነው። ይሁን እንጂ ወደ ፋይል ያልገባው ሥራ ያለው በማሽኑ ሜሞሪ ብቻ ስለ ሆነ፥ በዚያች ቅጽበት የሚጠፋው የብዙ ሰው ደመወዝ ሒሳብ ነው።

የችግሩ ምክንያት ምንድን ነው? አቤሜሌክ በዛፍ ጥላ ሥር 66 ዓመት ተኝቶ ሲነሣ ጥቂት ያሸለበ እንደ መሰለው ሁሉ፥ ማሽኑም ሲነቃ ጊዜው ገና ዓርብ ማታ ይመስለዋል። ማውዙ በዩኤስቢ በኩል በቀጥታ ለእንግዳው ተሰጥቶ ከነበረ፥ ያንኑ የዓርቡን ማውዝ ይፈልጋል። ወይም ሁለቱን ኮምፒዩተሮች የሚያገናኘው ጌስት አዲሽንስ የተባለው ረዳት ፕሮግራም ከእንቅልፉ መልስ ግንኙነቱ ሊቋረጥበት ይችላል።

በ1999 ዓ.ም. ለሕዝብ በቀረበው በቨርቹዋልቦክስ የሚሠራ ሰው ቀጥሎ ያለውን ሥርዐት ይከተል።

በመጀመሪያ፥ ማውዙ ቢያምፅም ኪቦርዱ አብዛኛውን ጊዜ ይታዘዛልና፥ የግራውን ኮንትሮል ከኤስ ጋር ተጭኖ ሥራውን ያስቀምጥ።

በሁለተኛ፥ የቀኙን ኮንትሮል ከአይ ጋር ተጭኖ የማውዙን ውሕደት ያጥፋ፤ በመስኮቱ ላይ ክሊክ አድርጎ ይሞክር፤ ከዚያም የቀኙን ኮንትሮል ብቻውን ተጭኖ ማውዙን ካስለቀቀ በኋላ ውሕደቱን መልሶ ያብራ።

በሦስተኛ፥ ማውዙ በዩኤስቢ የተሰጠ እንደ ሆነ ነቅሎ ይሰካው፤ ወይም ከዩኤስቢው ዝርዝር ምልክቱን አንሥቶ ለአስተናጋጁ ይመልሰው።

በአራተኛ፥ ይህ ሁሉ ካልረዳ እንግዳውን በኪቦርድ በደንቡ ይዝጋው፤ የቀኙ ኮንትሮል ከኤች ጋር የመዝጊያውን ምልክት ይልካል። እንደ ገና ሲነሣ መሣሪያዎቹን በአዲስ ዓይን ይመረምራል። የማውዙን ዓይነት ከፒኤስ ቱ ወደ ዩኤስቢ ታብሌት መለወጥም የሚቻለው ማሽኑ ተዘግቶ ሳለ ነው፤ በተቀመጠ ሁኔታ ተኝቶ ሳለ አይፈቀድም።

የተቀመጠውን ሁኔታ መጣል ግን የመጨረሻው መጨረሻ ይሁን፤ በሥራ ላይ ያለን ኮምፒዩተር ገመድ እንደ መንቀል ነውና።

እንግዲህ ማሽን ከማስተኛት በፊት ሥራን ወደ ፋይል ማስገባት፥ ፋይሉንም በሌላ ስፍራ መገልበጥ የአስተዋይ ሠራተኛ ልማድ ነው። የተኛ ማሽን ሥራን ለጊዜው ያቆያል እንጂ እንደ መዝገብ ቤት አደራ አይጠብቅም።